ለገቨርነር የተወዳደረችው የአውቶቡስ ነጂ

በዚያ እሑድ አዳራሹ ውስጥ የነበርነውን በመጀመሪያ ልዘርዝር። በኋላ ወሬው ሲዞር ያልነበሩት "ነበርኩ" ሲሉ፣ የነበሩት ደግሞ "እኔ የለሁበትም" ሲሉ ሰምቻለሁና ነው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማቸው ከባለቤታቸው ጋር ነበሩ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ከረባት አስረው ነበሩ። ከእኔ ጋር ምግቡን የሠሩት ወይዘሮ ዘነበች ነበሩ። ትልቋ ልጄ ሜሮንና ትንሿ ልጄ ሔለን ነበሩ። ተሾመ የሚባል ታክሲ ነጂ ነበር። ካሜራ የያዘ አንድ ሰው ነበር። በቅርቡ በዲቪ የመጡና ገና መኪና ያልገዙ ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሌላው ሁሉ ሲደመር ወደ ስድሳ ሰው እንሆናለን። ከእነዚህ ሌላ አንዲት በዕድሜ የገፋች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። እኔም ነበርኩ።

ያልነበረው የተጠራው የክብር እንግዳ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ እዚህ አትላንታ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት "እምቢ" ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው። እምቢ ያልኩት ደግሞ ሥራ ያስገቡኝን ሰው ነው።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ በዲቪ መጣሁ። ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ልጆቼ ፈሪ ነሽ ይሉኛል። ምድጃው መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ካላየሁ ከቤት አልወጣም። ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም። ስሜን አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ ሲሉኝ ወረቀቱ ምን እንደሆነ ባውቅም ነገ እጽፋለሁ ብዬ እመለሳለሁ። በቀበሌ ጊዜ ወረቀት ላይ ስሙ የተገኘ ሰው ምን እንደደረሰበት ያየ ሰው ይረዳኛል።

አቶ ግርማቸው መሐል ከተማ ያሉ የመኪና ማቆሚያዎችን ያስተዳድራሉ። እንደመጣሁ በአንደኛው መግቢያ ላይ ባለችው፣ ቡዝ በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኬት ተቀባይ አድርገው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ዶራቪል አፓርታማ ስከራይም ስለ እኔ መልካም ቃል የሰጡልኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ ነው። ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት እንዲገባ ሌት ተቀን ሲሯሯጡ አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት የጆርጂያ ገቨርነር ምርጫ ነበረ። ከዋናው ምርጫ በፊት ፓርቲዎቹ የየራሳቸውን እጩ የሚለዩበት ፕራይመሪ የሚባል ምርጫ አለ። ለዚያ ፕራይመሪ አንድ ወር ሲቀረው አቶ ግርማቸው አንዱን ትልቅ እጩ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ የሚያወራለትን ሰው፣ ወደ ማኅበራችን ጋበዙ። ስልክ ደውለው ከጸሐፊዎቹ አንዷን አነጋገሩ። ልጅቱም "ሊመጣ በጣም ይሞክራል፣ ስለጠራችሁትም ደስ ብሎታል" አለቻቸው። አቶ ግርማቸው በማግሥቱ "ይመጣል" ብለው ለሁላችንም ነገሩን።

ሜሮን ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበረች። እዚህ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ አንቱታ የሚባለው ነገርም ከአፏ ጠፍቷል። ነገሩን ስትሰማ፣ "ጋሼ፣ አንተ ኮንፈርም አድርገሃል? 'ይሞክራል' ካሉህ እኮ አይመጣም ማለት ነው" አለቻቸው።

"ትልቅ ሰው ደስ ብሎኛል ብሎ አይቀርም" አሉ አቶ ግርማቸው። እኛም ሁላችን እንደዚያው ነበር የገባን። እኛ አገር ሰው ተጠርቶ "ደስ ብሎኛል" ካለ ድግሱ ይደገሳል።

ተደገሰም። አዳራሹ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ካሉበት መንገድ ጀርባ ነበር። እኔና ወይዘሮ ዘነበች ከዋዜማው ጀምረን ሠራን። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ ተደረገ፤ በመሐሉ ትልቅ ባለ መደገፊያ ወንበር ተቀመጠና ጥለት ያለው ነጠላ ተጣለበት። የክብር እንግዳው ሳይቀመጥና ሳይቀምስ ማንም እንዳይበላ ተባለ። ሔለን ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሥር ጊዜ እየመጣች "መቼ ነው የምንበላው?" ትለኛለች።

ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጥሪው ለሦስት ሰዓት ነበር። ሦስት ተኩል ሆነ፣ አራት ሆነ። ሰዎች በሩን በሩን ያያሉ። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ በሩ ተከፈተና ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ባለ ካሜራው ማንሣት ሁሉ ጀምሮ ነበር።

የገባችው አንዲት አሮጊት ናት። ስድሳ አምስት ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ሰማያዊ ኮት ለብሳለች፤ ጫማዋ ግን የሥራ ጫማ ነው፣ ሶሉ ወፍራም የሆነው። እጇ ላይ የኛን ፍላየር ይዛለች። የልብስ ማጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አግኝታው ነው። አቶ ግርማቸው በእንግሊዝኛ ያስጻፉት ነበር፤ "ለገቨርነር የሚወዳደረውን እጩ መጥታችሁ ተዋወቁ፣ ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ" ይላል።

"እኔም ለገቨርነር የምወዳደር እጩ ነኝ" አለች። "ስሜ ቬልማ ይባላል። ሁሉም ሰው ስለሚል መጣሁ።"

ከከረባቶቹ አንዱ ሳቁን በእጁ ያዘ። ሌላው "ይቺ ደግሞ ማናት፣ ከየት አመለጠች?" አለ በአማርኛ። ሜሮን ግን በጋዜጣ ስሟን አይታ ኖሮ፣ "እውነቷን ነው፣ የምርጫው ካርድ ላይ አለች። መጨረሻ ላይ ናት እንጂ አለች" አለቻቸው።

አቶ ግርማቸው ወደ እኔ መጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዓለምነሽ፣ እቺን ሴትዮ ወጥ ቤት ውሰጃትና ቦታ ሞልቷል ብለሽ በጓሮ በር ሸኚያት። ሰውየው ደርሶ እሷ አጠገብ ፎቶ ቢነሣ ማኅበራችን መሳቂያ ነው የሚሆነው" አሉኝ።

ወሰድኳት። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል፣ ግን ወሰድኳት። መሸኘቱ አቃተኝና "ትንሽ እዚህ ጠብቂ" ብዬ እቃ ማጠቢያው አጠገብ አንድ ታጣፊ ወንበር ሰጠኋት። ባዶ ወንበር በክብር ተቀምጦ ሰው እቃ ማጠቢያ አጠገብ አስቀመጥኩ።

ወይዘሮ ዘነበች፣ "እንግዳ ወጥ ቤት ይቀመጣል እንዴ? ምነው ዓለምዬ?" አሉኝ።

"ጋሼ ናቸው ያሉኝ።"

"እሳቸው ያሉሽ ከሆነ እሺ። ቢያንስ ውኃ ስጫት።"

ውኃ ሰጠኋት። ሴትዮዋ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችና ሳንጠይቃት ጨርቅ አንሥታ የታጠቡትን ትሪዎች ማድረቅ ጀመረች። ተይ ብንላት "መቀመጥ ሰልችቶኛል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ" አለችን። አውቶቡስ ነጂ ነበረች ማለት ነው።

የኔ እንግሊዝኛ የቡዝ እንግሊዝኛ ነው። "ትኬትዎን"፣ "ትኬት ከጠፋ የሙሉ ቀን ይከፈላል"፣ "መልካም ቀን"፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየለየች ትናገራለች። ስለዚህ የትኛውን መስመር ትነዳ እንደነበር ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ከባቡሩ መጨረሻ፣ ከዶራቪል ጣቢያ የሚነሣው፣ እኔ ራሴ በየቀኑ የምሳፈርበት መንገድ ነው።

መንገዱን ለማያውቁ ልንገራችሁ። ሰፊ ነው፣ መኪና በብዙ ረድፍ እንደ ጎርፍ ይሄድበታል። በዚያን ጊዜ እኔ በምወርድበት በኩል የእግረኛ መንገድ የለውም፤ ሣር ላይ፣ ሲዘንብ ጭቃ ላይ ነው የሚኬደው። ፌርማታው በአንድ በኩል ነው፣ አፓርታማችን በሌላው። መብራት ያለበት መሻገሪያ በጣም ሩቅ ስለሆነ ሰው ሁሉ ባለበት ነው የሚሻገረው። እኔም የሔለንን እጅ ይዤ መሐሉ ድረስ እሮጣለሁ፤ መሐሉ ላይ ከወዲያም ከወዲህም መኪና እየሾረ እንቆማለን፣ ከዚያ ደግሞ እንሮጣለን። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ የማየው ያን መሐል ነበር።

ሚስ ቬልማ ጨርቁን አስቀመጠችና ለምን እንደምትወዳደር ነገረችኝ። አንዲት ተሳፋሪ ነበረቻት፣ ሆስፒታል ጽዳት የምትሠራ፣ ሁልጊዜ "ደህና እደሪ ቬልማ" ብላ የምትወርድ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የገበያ እቃ ይዛ ወረደች። ሚስ ቬልማ በሩን ዘግታ ስትነሣ፣ ሴትየዋ ስትሻገር መኪና መትቶ ሲገድላት በመስታወቷ አየች።

"ደብዳቤ ጻፍኩ" አለችኝ። "ለከተማው ጻፍኩ፣ መንገዱ የኛ አይደለም አሉ። ከከተማው በላይ ላለው ካውንቲ ጻፍኩ፣ የኛ አይደለም አሉ። መንገዱ የስቴቱ ነው አሉኝ። የስቴቱ አለቃ ማነው? ገቨርነሩ ነው። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ ለገቨርነር ተመዘገብኩ።"

እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ። ወይዘሮ ዘነበች "ምን አለች?" ሲሉኝ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። እሳቸውም የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። የወይዘሮ ዘነበች ወንድም ልጅ በዚያው መንገድ ላይ ተገጭቶ እግሩ እንደተሰበረ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

አምስት ሰዓት ሲሆን የአቶ ግርማቸው ስልክ ጮኸ። ልጅቱ ናት፣ ጸሐፊዋ። እጩው ሌላ ካውንቲ ሄዷል፣ ሰላምታ ይላል። አቶ ግርማቸው ስልኩን ዘግተው ለብዙ ጊዜ ያዩት እንደነበር አስታውሳለሁ። አንጀቴን በሉኝ። ከዚያ ወደ ፊት ወጥተው፣ "የክብር እንግዳችን በአስቸኳይ ጉዳይ ምክንያት አልቻሉም። ምግብ ቀርቦ እንበተናለን" አሉ። ሰው አጉረመረመ። አንዱ "አስቀድመን በልተን ብንጠብቀው ምን ነበረበት?" ሲል ሰማሁ።

እኔ ከወጥ ቤት ወጥቼ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እንግዳው ከቀሩ፣ ሴትየዋ ሁለት ቃል ትናገርና ሰው ይብላ" አልኳቸው።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ወጥ ቤት ያለችው።"

"እስካሁን አልሄደችም? ሸኚያት አላልኩሽም?" አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው ደግሞ፣ "ስሚኝ ዓለምነሽ፣ አንቺ አይገባሽም። በዚህ አገር ከሚያሸንፍ ጋር ነው የሚቆመው። ያ ሰው ነገ ገቨርነር ይሆናል። ማኅበራችሁ ከሌላ እጩ ጋር ቆሞ ነበር ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?" አሉኝ።

ሜሮን ከኋላዬ መጥታ ኖሯል። "ጋሼ፣ ሰውየው መኖርህንም አያውቅም እኮ" አለች። "ደግሞ ፍላየሩ ላይ ሁሉም ሰው ይምጣ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ይሄ ፌር አይደለም።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው አንተ የምትዪኝ? ዓለምነሽ፣ ልጅሽን ያዢ።"

"ልጄ ተሳስታለች፣ ይቅርታ ያድርጉላት" አልኩ። "ሴትየዋ ግን ትናገር።"

አቶ ግርማቸው ፊታቸው ተለወጠ። ሰው እያየን ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺን ሴትዮ እዚያ ወንበር ላይ ካስቀመጥሻት፣ ሰኞ ቡዙ ውስጥ ሌላ ሰው ይቀመጣል" አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ስለ ኪራዩ አሰብኩ። ቀጥሎ ስለ ሜሮን ትምህርት አሰብኩ። ሌላ ሥራ ላገኝ የምችልበትን አንድ ቦታ እንኳ ማሰብ አልቻልኩም። አፌ "እሺ ጋሼ" ሊል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው። በዚህ መሐል ሔለን መጥታ እጄን ያዘች። ልክ መንገዱ ዳር ስንደርስ እንደምትይዘኝ አድርጋ፣ ሁለት ጣቶቼን ብቻ ያዘችኝ።

"እምቢ ጋሼ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"እምቢ ነው ያልኩት። የመጣችው እሷ ናት። የመጣ ሰው ነው እንግዳ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ሚስ ቬልማን በእጇ ይዤ አወጣኋት። ኮቷን ለመልበስ እንኳ ጊዜ አልሰጠኋትም፤ በሸሚዟ ናት። ነጠላው ያለበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ወይዘሮ ዘነበች ሳህን ሞልተው ይዘው ከኋላዬ መጡና ፊቷ አስቀመጡ። "እኔን ደግሞ ከምን ያባርሩኛል? ሥራ የለኝ" አሉኝ በጆሮዬ።

አቶ ግርማቸው ባለቤታቸውን ጠርተው ወጡ። ከሦስቱ ከረባቶች ሁለቱ ተከተሏቸው። ባለ ካሜራውም የእሳቸው ሰው ስለነበር ካሜራውን ሸክፎ ሄደ። በዚህ ምክንያት የዚያ ቀን ፎቶ እኛ እጅ የለም። ሌላው ሰው ግን አልሄደም። ግማሹ ለምግቡ፣ ግማሹ ደግሞ ጠብ ይታይ እንደሆነ ብሎ ሳይሆን አይቀርም የቀረው።

ሚስ ቬልማ አንድ ጉርሻ ያህል ቀመሰችና ተነሣች። ለእንግዳው ሊያስተረጉም የተዘጋጀው የኮሚቴ አባል አብሯቸው ወጥቶ ስለነበር ሜሮንን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን "ማሚ፣ አንቺ አምጥተሻት የለ፣ አንቺው ተርጉሚ። የኔን አማርኛ ማን ይሰማዋል?" አለችኝ። ስለዚህ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቀው እኔ ቆምኩ።

መጀመሪያ ላይ ድምፄ አልወጣም። ከኋላ "አይሰማም" አሉ። ቀስ በቀስ ወጣ። "ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድታለች። ያንን ትልቁን መንገድ ታውቀዋለች። ዳር ዳሩን የእግረኛ መንገድ፣ በየፌርማታው መሻገሪያ መብራት እንዲደረግ ነው የምትፈልገው። ሌላ ብዙ ተስፋ አልሰጥም ትላለች።" ስለ ሞተችው ሴት ስትናገርም ተረጎምኩ። እዚያ ላይ ግን ማቆም አቃተኝና፣ "እኔም እዚያው መንገድ ላይ ነው የምወርደው። ልጄን ይዤ እየሮጥኩ ነው የምሻገረው። መኪና ያላችሁ አታውቁትም፤ ስታልፉ የምታዩን እኛን ነው" አልኩ።

"ማሚ፣ እሱን አላለችም" አለች ሜሮን።

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ግድግዳውን ከተደገፉት መሐል አንዱ አጨበጨበ። ተሾመ ታክሲ ነጂው ደግሞ ተቀምጦ እየበላ ነበርና፣ "እሺ፣ አውቶቡስ የነዳ ሁሉ ገቨርነር ከሆነ፣ እኔ ታክሲ የነዳሁት ዋይት ሀውስ ልግባ እንዴ?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሚስ ቬልማ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ልደብቃት ፈልጌ ነበር፣ ግን ሰው ሁሉ እየጠበቀ ስለሆነ እንዳለው ነገርኳት። እሷም ተሾመን አየችውና፣ "ለእግረኛ የሚቆም ታክሲ ነጂ ከሆነ ድምፄን እሰጠዋለሁ በይው። ይቆማል?" አለች።

ተረጎምኩ። "መልስ እንጂ ተሾመ" አሉት ጓደኞቹ። "አንድ ቀን እኔን ራሴን ልትገጨኝ ነበር" አለው ሌላው። ተሾመ ራሱ እየሳቀ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እቆማለሁ በያት" አለ።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ወጣት ሴት እጇን አወጣች። ከመጣች ሦስት ወር አይሆናትም። "እሺ እሷ ጥሩ ሰው ናት። ግን እንደማታሸንፍ ሁሉም ይናገራል። ካላሸነፈች ምን ይጠቅመናል?" አለች። ይህንንም እንዳለ ነገርኳት።

ሚስ ቬልማ አልተቆጣችም። "አላሸንፍም ይሆናል" አለች። "ግን ስሜ ካርዱ ላይ አለ። ስሜ ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ሁሉ ስለዚያ መንገድ ደብዳቤ እንደጻፈ ነው። የኔን ደብዳቤዎች ሳያነቡ መጣል ይችሉ ነበር። ይሄኛውን ግን መጣል አይችሉም፣ መቁጠር ግዴታቸው ነው።"

እኔ ስለ ምርጫ ከሰማሁት ሁሉ የገባኝ ያ ብቻ ነው።

ዜጋ የሆናችሁ እጅ አውጡ ስትል ከስድሳው ስድስት ሰው አወጣን። እሷ ስድስታችንንም ሰላም ብላ እጃችንን ጨብጣ፣ ሳህኗን ጨርሳ በልታ፣ ትሪዎቹን አድርቄ ልጨርስ ስትል ከልክለናት ሄደች። የሸኘናት በፊት ለፊት በር ነው።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። የሳምንቱ ስኬጁል ግድግዳው ላይ ነበር፣ ስሜ ግን የለበትም። ማናጀሩ ዓይኑን አሸሸና "አቶ ግርማቸውን አነጋግሪያቸው" አለኝ። አላነጋገርኳቸውም። አማላጅ እንልክ ያሉኝ ነበሩ፤ ጥፋቴ ምን እንደሆነ ንገሩኝና እልካለሁ አልኳቸው። ሜሮን እንክሰሳቸው አለች፤ እሱንም እምቢ አልኳት። ሳምንት አካባቢ ቤት ተቀምጬ እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ያውቋት የነበረች ሴት ሮዝዌል በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገባችኝ። ሩቅ ነው፣ ሁለት አውቶቡስና የእግር መንገድ አለው። ሥራው ይከብዳል። ግን እዚያ የገባሁት ማንም ውለታ ሳይቆጥርብኝ ነው።

የምርጫው ቀን ከሥራ በፊት ሄድኩ። ዜግነቴን ያገኘሁት በዚያው ዓመት ስለነበር የመጀመሪያዬ ነው። ወረፋው ደርሶኝ ስቀርብ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት፣ "የየትኛውን ፓርቲ ካርድ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ፣ ሰው እየሰማ። ፕራይመሪ ላይ እንደዚያ እንደሚጠየቅ ማንም አልነገረኝም ነበር። በቀበሌ እጅ አውጡ ስንባል የማን እጅ እንዳልወጣ የሚጽፈው ሰው ታየኝ። ዞሬ ልወጣ ነበር። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሰዓቱን አየ። እኔም የሚስ ቬልማን ፓርቲ ስም ጠራሁ፣ ያውም ሴትየዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብዬ። ካርዱን ወስጄ ስሟን እስከ መጨረሻው ወርጄ ፈለግኩት። አለ።

ማታ በቴሌቪዥን ስሟ ከታች አንድ ጊዜ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሁለቱን ትልልቆች ብቻ ነው ያሳዩት። ሜሮን "አይ አም ሶሪ ማሚ" ብላ አቀፈችኝ። እኔ ግን አላዘንኩም። ስሟ ላይ ምልክት አድርጌ የጻፍኩት እንደተቆጠረ አውቄአለሁ።

አሁን እንዴት እንደሚሰማኝ ልጻፍ። ቤተ ክርስቲያን አቶ ግርማቸውን ሳገኝ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። ውለታቸውን አልረሳሁም። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም፣ አልጠይቅምም። ያ ቀን ቢመለስ የምለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትየዋን ከመጀመሪያውኑ ወጥ ቤት አላስገባትም። እሱን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። አሁንም ምድጃዬን ሦስት ጊዜ አያለሁ፣ አሁንም እፈራለሁ። ግን እየፈሩም እምቢ ማለት እንደሚቻል አውቄአለሁ፤ ልጆቼም አይተውኛል። መንገዱ ላይ በቅርቡ በአንድ በኩል የእግረኛ መንገድ መሥራት ጀምረዋል። በእሷ ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ የሚያውቅም አላገኘሁም።

ከምርጫው በኋላ ለገና የሰላምታ ካርድ ልኬላት መልሳልኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ካርዱ ተመልሶ መጣ። ስልኳም አይሠራም። በምትኖርበት አፓርታማ ሄጄ ብጠይቅ አንዱ አላባማ እኅቷ ዘንድ ሄዳለች አለኝ፣ ሌላው ታማ ነበር አለኝ። ሙሉ ስሟን እዚህ ያልጻፍኩት ሳላስፈቅዳት መጻፍ ስለከበደኝ ነው። በዚያ መስመር ትሳፈሩ የነበራችሁ ግን ታውቋታላችሁ፤ ረጅም ናት፣ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው፣ በሩን ሳትዘጋ በፊት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ዞራ ታይ ነበር። ጋዜጣችሁ አላባማም ይደርሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሚስ ቬልማ የት እንዳለችና ደህና መሆኗን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አሳውቁኝ።

ዓለምነሽ፣ ከዶራቪል